ከስቴም ሴል ንቅለ ተከላ በኋላ ጉልበትንና ማስታወስን መመለስ፦ ደረጃ በደረጃ

እናቴ አሜሪካ ውስጥ የስቴም ሴል (ደም የሚያመርቱ እናት ሕዋሳት) ንቅለ ተከላ አድርጋ ወደ ቤት በተመለሰችበት ሰሞን ስልካችን አላረፈም። ከአዲስ አበባም፣ ከጎንደርም፣ ከዚሁ ከሰፈራችንም የሚደውለው ሁሉ የሚለው አንድ ነበር፦ «ትተኛ፤ ምንም እንዳትነካ፤ ሥራውን ለልጆቹ ትተው።» ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ያም ሆኖ ውሃ ልትቀዳ ስትነሣ ሮጬ ብርጭቆውን ከእጇ የተቀበልኳት እኔው ነኝ። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ከዚያ አንድ ጠዋት በሁለት እጇ ተደግፋም ከወንበር መነሣት አቃታት። በዚያው ሳምንት ከልጅነቷ ጀምሮ በቃሏ የምትደግመው ዳዊት መሃል ላይ ጠፋባት። «ልጄ፣ ሰውነቴ ብቻ መሰለሽ የተኛው? ጭንቅላቴም አብሮ ተኝቷል» አለችኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ አብረን የሠራነውን፣ በሥራዬም ከሌሎች ሕመምተኞች የተማርኩትን ነው እዚህ የማስቀምጠው። መመሪያው የራሳቸው ሕዋስ ተመልሶ ለተሰጣቸውም፣ ከወንድም፣ ከእህት ወይም ከማያውቁት ለጋሽ ለወሰዱም ይሆናል፤ ልዩነት ባለበት ቦታ እነግርዎታለሁ። አንብበው ብቻዎን አይጀምሩ። መጀመሪያ ከሕክምና ቡድንዎ ጋር ይነጋገሩበት።

ሰውነትና ጭንቅላት ምን ሆነው ነው?

ንቅለ ተከላው ራሱ ደም እንደመውሰድ ነው፤ ከረጢቱ ይሰቀላል፣ በደም ሥር ይገባል፣ ያበቃል። ሰውነትን የሚያደቀው ከእሱ በፊት የሚሰጠው ከባድ ኬሞ ነው። ለማልቲፕል ማየሎማ (የመቅኔ ካንሰር ነው) ብዙውን ጊዜ ሜልፋላን የተባለ መድኃኒት ይሰጣል፤ ለሌሎች በሽታዎች ቡሱልፋን ወይም ሳይክሎፎስፋማይድ፣ አንዳንዴም መላ ሰውነትን የሚሸፍን ጨረር። ከዚያ አዲሱ መቅኔ ደም ማምረት እስኪጀምር ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። በዚህ መሃል ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል፣ ተቅማጥና የደም ማነስ ይፈራረቃሉ፤ ሰውም አልጋ ላይ ይውላል።

አልጋው ራሱ ሌላ በሽታ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን 10 ቀን አልጋ ላይ ብቻ ሲቆዩ ከእግራቸው ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ቀንሶባቸዋል። እነዚያ ኬሞ ያልወሰዱ፣ ያልታመሙ ሰዎች ነበሩ። ከሌላ ሰው ሕዋስ የወሰደ ደግሞ ተጨማሪ ፈተና አለበት። የለጋሹ ሕዋሳት የተቀባዩን አካል እንደ ባዕድ ቆጥረው ሲያጠቁ ሐኪሞቹ ጥቃቱን የሚያበርድ፣ ፕሬድኒሶንን የመሰለ ስቴሮይድ ያዛሉ። ስቴሮይድ ሲረዝም ቀድሞ የሚበላው የጭንና የዳሌን ጡንቻ ነው። ደረጃ መውጣትና ከመኪና መውረድ ከሁሉ በፊት የሚከብደው ለዚህ ነው።

የጭንቅላቱን ነገር ግን ብዙ ሰው አይናገረውም፤ ያፍርበታል። ቃል ምላስ ላይ መጥቶ ይጠፋል። አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ይነበባል። ሁለት ሰዎች እኩል ሲያወሩ ነገሩ ይምታታል። ድስት ተጥዶ ይረሳል። ይህ የስንፍና፣ የእምነት ማነስ ወይም የእብደት ምልክት አይደለም። ሲያትል ውስጥ ከሌላ ሰው ሕዋስ የተቀበሉ ሕመምተኞችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች እንዳገኙት፣ ከንቅለ ተከላው በ80ኛው ቀን አካባቢ የማስታወስና የፍጥነት ውጤት ይወርዳል፤ በዓመቱ አብዛኛው ወደ ቦታው ይመለሳል። ከ5 ዓመት በኋላ ግን ወደ 41 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ መጠነኛ ጉድለት ነበረባቸው፤ ለንጽጽር ከተፈተኑት ንቅለ ተከላ ያላደረጉ ሰዎች መካከል ደግሞ ወደ 20 በመቶ።

እንቅስቃሴ ምን ያህል ይረዳል? ለድካምና ለጉልበት ያለው ማስረጃ ጠንካራ ነው። በጀርመን የፍራይቡርግ ሐኪሞች ገና በ1990ዎቹ ሕመምተኞቻቸውን ከንቅለ ተከላ በኋላ በመሮጫ ማሽን ላይ እያራመዱ ጥቅሙን አሳይተዋል። ለማስታወስ ያለው ማስረጃ በንቅለ ተከላ ሕመምተኞች ላይ ገና እየተሰበሰበ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ ለአንድ ዓመት የተራመዱ ጤነኛ አረጋውያን የማስታወስ ማእከል የሆነው የአንጎላቸው ክፍል፣ ሂፖካምፐስ፣ 2 በመቶ ገደማ ጨምሮ ታይቷል። እንቅልፍን፣ ስሜትንና የደም ዝውውርን የሚያሻሽል ነገር ለጭንቅላት ይበጃል ብሎ መሥራት ምክንያታዊ ነው፤ እኔም በዚህ እምነት ነው የምሠራው።

ደረጃ 1፦ የዕለቱን ቁጥሮች ይወቁ

ከእያንዳንዱ የደም ምርመራ በኋላ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ፕሌትሌቴ (ደም የሚያረጋው ሕዋስ) ስንት ነው? ሄሞግሎቢኔ (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) ስንት ነው? ትኩሳት አለኝ? የላብራቶሪ ወረቀት ላይ ፕሌትሌት «20» ተብሎ ከተጻፈ ብዙውን ጊዜ 20 ሺህ ማለት ነውና አይደናገጡ።

ብዙ ሆስፒታሎች የሚሠሩበት መስመር ከዚህ ጋር ይቀራረባል፦

- ፕሌትሌት ከ10 ሺህ በታች፦ የዕለቱን ልምምድ ይተዉት፤ ከአልጋ ወደ ወንበርና ወደ መጸዳጃ መሄድም ከነርስ ጋር ተነጋግሮ ይሁን።
- ከ10 እስከ 20 ሺህ፦ ቀስ ያለ እርምጃና መገጣጠሚያን ማንቀሳቀስ ብቻ።
- ከ20 እስከ 50 ሺህ፦ የእግር ጉዞ ይቻላል፤ ክብደትና ማማጥ የለም።
- ከ50 ሺህ በላይ፦ የጡንቻ ልምምድ መጀመር ይቻላል።
- ሄሞግሎቢን ከ8 በታች፦ ቀላል እንቅስቃሴ ብቻ፤ ሲያዞር ወዲያው መቀመጥ።
- ትኩሳት 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ፦ ልምምዱ ይቆማል፤ ሌሊትም ቢሆን ለሆስፒታሉ ይደወላል።

የእርስዎ ሆስፒታል የተለየ ቁጥር ከነገረዎት የእነሱን ይያዙ። ማየሎማ ያለበት ሰው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለው፦ «አከርካሪዬ ወይም ጭኔ ላይ የሳሳ ቦታ አለ ወይ?» ካለ ከባድ ማንሣት፣ ወገብ መጠምዘዝና አጎንብሶ መጎተት ይቀራሉ። ደረቱ ወይም ክንዱ ላይ ካቴተር (መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) ያለበት ደግሞ አይዋኝም፤ በዚያ በኩል ክንድን በኃይል ከማወናጨፍም ይቆጠባል።

ደረጃ 2፦ መነሻዎን ይለኩ

አንድ ደብተር ይግዙ። በስልክም ይቻላል፣ እኔ ግን ደብተር እመርጣለሁ፤ መጻፉ ራሱ ለጭንቅላት ሥራ ነውና።

የመጀመሪያው ልኬት ወንበር ነው። የማይንሸራተት ወንበር ከግድግዳ ጋር አስጠግተው ይቀመጡ፤ እጅዎን ደረትዎ ላይ አመሳቅለው በ30 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቆመው እንደሚቀመጡ አንድ ሰው አጠገብዎ ሆኖ ይቁጠር። ከ65 እስከ 69 ዓመት ላለች ሴት ከ11 በታች፣ ለወንድ ከ12 በታች ከሆነ ከአማካይ በታች ነው። እናቴ መጀመሪያ ዜሮ አገኘች። ዜሮውን ጻፍነው።

ሁለተኛው እርምጃ ነው፦ በ6 ደቂቃ ውስጥ ኮሪደሩን ወይም ግቢውን ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ ይቁጠሩ። ማረፍ ይፈቀዳል፤ ሰዓቱ ግን አይቆምም። ሦስተኛው ለጭንቅላት ነው፦ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የስንት እንስሳ ስም ይጠራሉ? አንበሳ፣ ፍየል፣ ጅብ፣ እያሉ ይቀጥሉ፤ የቤት ሰው ይቁጠር። ይህ ምርመራ አይደለም፣ በሽታም አይለይበትም። ግን በወሩ ሲደግሙት ለውጥ አለ ወይ ብለው የሚያዩበት መስታወት ይሆንዎታል።

ደረጃ 3፦ ሆስፒታል ውስጥ እያሉ

እዚህ ግቡ መጠንከር ሳይሆን አለመውደቅ ነው። ምግብ ሁሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይበላ። በቀን ሦስት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ክፍሉ ውስጥ መራመድ፤ ነርስ ከፈቀደችና ጭምብል ከተደረገ ኮሪደር ላይ። መነሣት በማይቻልበት ቀን አልጋ ላይ ቁርጭምጭሚትን ማዞር፣ ጉልበትን ማጠፍና መዘርጋት። ቀን መጋረጃው ይከፈት፣ ሌሊት ይጨለም፤ ቀንና ሌሊት የተምታታበት ጭንቅላት ቶሎ ይዛባል።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያዎቹ የቤት ሳምንታት

በአንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ልሂድ ብሎ የጀመረ ሰው በማግሥቱ አልጋ ላይ ይውልና «አልቻልኩም» ብሎ ይተዋል። ስለዚህ በቁራጭ ይጀምሩ። 3 ደቂቃ ይራመዱ፣ 3 ደቂቃ ይረፉ፤ ይህን አምስት ጊዜ። ይህ ለአንድ ሳምንት ካልከበደ 5 ደቂቃ ተራምዶ ማረፍ፣ አራት ጊዜ። ቀጥሎ 8 ደቂቃ ሦስት ጊዜ፤ ከዚያ 15 ደቂቃ ሁለት ጊዜ፤ በመጨረሻ 30 ደቂቃ ሳያቋርጡ። በስድስት ሳምንት የሚደርስ አለ፤ እናቴን አራት ወር ፈጅቶባታል። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ፍጥነቱን የሚነግርዎት ወሬ ነው። እየተራመዱ ዓረፍተ ነገር ጨርሰው መናገር ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ልክ ነው። ቃል በቃል እየቆረጡ ከተናገሩ ፈጥነዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከቆላ አገር ወይም ከውጭ ታክመው የተመለሱ፣ በተለይ ደማቸው ያነሰ ሰዎች፣ እዚያ ቶሎ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። የመጀመሪያውን ሳምንት በግማሽ ይጀምሩ፤ ዳገቱን ለኋላ ይተዉት።

የማግሥቱን ቀን መመርመርም ግድ ነው። ድካሙ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከለቀቀ መጠኑ ልክ ነበር። እስከ ነገ ከዘለቀ በማግሥቱ ግማሹን ይሥሩ። ግማሹን እንጂ ዜሮ አይደለም፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ቦታም ይምረጡ። የግንባታ አቧራ፣ የሻገተ ድርቆሽና ገለባ፣ የሚቆፈር አፈር ውስጥ ሳንባን የሚያጠቃ ሻጋታ አለ፤ መከላከያው ለደከመ ሰው አደገኛ ነው። የሕዝብ ጂምና ገበያ የሕክምና ቡድኑ እስኪፈቅድ ይቆዩ። ፀሐይም ከለጋሽ የተቀበለን ሰው ቆዳ ልትቀሰቅስ ትችላለችና ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌና የፀሐይ ቅባት ያድርጉ። የቡና ጭስና ዕጣን ቤት ውስጥ ሲታፈን ለሳንባ አይበጅም። ጀበናው ይቅረብ፤ ዕጣኑ ለጊዜው ይቅር።

አሁን ጠያቂዎችን በተመለከተ። ባህላችን የታመመን መጠየቅ ነው፤ እኔም ይህን ባህል እወደዋለሁ። ግን ስምንት ሰው ሳሎን ውስጥ ታፍኖ ሲቀመጥ ለሕመምተኛው ጉንፋን ይተርፈዋል፣ ደግሞም ለእነሱ ሲል ተቀምጦ ይውላል። እኛ ያደረግነው ይህን ነው፦ «መምጣት ትችላላችሁ፤ አንድ በአንድ፣ ያላስነጠሰው፣ ጫማውን ለመንገድ አድርጎ።» ጠያቂው ውጭ ይቆማል፣ እናቴ ጭምብሏን አድርጋ ትወጣለች፣ እያወሩ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ላይ አንዲት አክስቴ «አንቺ ልጅ፣ የታመመች እናትሽን ለምን ታንገላቻታለሽ?» ብላ ተቆጥታኝ ነበር። ኋላ ማክሰኞና ዓርብ የእሷ ተራ ሆነ፤ አንድም ቀን አላጓደለችም።

ደረጃ 5፦ ጭንን ማጠንከር

ፕሌትሌት ከፈቀደ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመሃላቸው ዕረፍት እየሰጡ።

ከወንበር መነሣት ዋናው ነው። ካቃተ ወንበሩ ላይ ጠንካራ ትራስ ጨምረው ከፍ ያድርጉት፤ በየሳምንቱ ትራሱን እያሳነሱ ይሂዱ። 5 ጊዜ፣ ዕረፍት፣ እንደገና 5 ጊዜ። ከዚያ ግድግዳ በመዳፍ ተደግፎ ደረትን ወደ ግድግዳው ማስጠጋትና መግፋት። ቀጥሎ የወጥ ቤት ጠርዝ ይዞ ተረከዝን ማንሣት። ለክንድ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ የላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል። በምንም ጊዜ ትንፋሽ አይያዝ፤ ሲገፉ ይተንፍሱ።

በኬሞ ወይም በማየሎማ መድኃኒት ምክንያት እግራቸው የሚደነዝዝ አሉ። እነሱ ነጠላ ጫማ ትተው ተረከዙን የሚይዝ ጫማ ያድርጉ፤ ምንጣፍ እንዳያደናቅፋቸውም ከመንገድ ይነሣ።

ብዙዎች ስለ ስግደት ይጠይቁኛል። ወድቆ መነሣት ከባድ የጭን ሥራ ነው፣ ጭንቅላትንም ዝቅ ያደርጋል። ፕሌትሌት ዝቅ ባለበት፣ አጥንት በሳሳበት ወይም በሚያዞርበት ጊዜ አልመክረውም፤ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ማጎንበስ እንደሚበቃ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፤ ሙስሊም ከሆኑም ለታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድ የተፈቀደ ነው። እናቴ ግቧ ይኸው ነበር፤ ለፋሲካ አንድ ጊዜ ሰግዳ በራሷ መነሣት። ወንበሩን የሠራችው ለዚያ ነው። እርስዎም ከቁጥር ሌላ የሚናፍቁት አንድ ነገር ይኑርዎት።

ደረጃ 6፦ እየተራመዱ ማሰብ

15 ደቂቃ ሳይንገዳገዱ መራመድ ሲችሉ፣ በለጥ ያለ መንገድ ላይ ጭንቅላትን አብረው ያሠሩ። ወራትን ከኋላ ወደ ፊት ይጥሩ፦ ጳጉሜን፣ ነሐሴ፣ ሐምሌ፣ ሰኔ። ከ100 እየሦስት ይቀንሱ። በ«መ» የሚጀምሩ ቃላትን ይደርድሩ። እግር ከቆመ ወይም ከተንገዳገደ ጨዋታው ከብዷል ማለት ነው፤ ቀለል ያድርጉት። መኪና በሚያልፍበት መንገድ አይሞክሩት።

እስክስታ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ዜማ መስማት፣ ቅደም ተከተል ማስታወስ፣ ትከሻና እግር ማቀናጀት፣ ትንፋሽ ማፍጠን፣ ሁሉም በአንድ ላይ። ደረት ላይ ያለው ካቴተር እስኪወጣ ግን ትከሻ ይረፍ፤ በእግር ብቻ ይርገጡ። ለተቀመጡበት ሰዓት ገበጣ አለ፦ መቁጠር፣ አስቀድሞ ማሰብ፣ የሌላውን እጅ መከታተል።

ከልምምዱ ጎን ድጋፍም ያስፈልጋል። መድኃኒት በስልክ ደወል ይወሰድ። ቁልፍና መነጽር ሁልጊዜ አንድ ቦታ። ሐኪም ሲያናግርዎት አንድ ሰው አብሮ ይቀመጥ፣ ይጻፍ። ጭንቅላት የሚጠይቅ ሥራ፣ እንደ ባንክና ደብዳቤ ያለ፣ እርስዎ ንቁ በሆኑበት ሰዓት ይሁን፤ ለብዙዎች ጠዋት ነው። የቤት ሰዎች ደግሞ «አሁን አልነገርኩህም?» የሚለውን ይተዉት። ይሰብራል።

ደረጃ 7፦ ምግብና እንቅልፍ

ጡንቻ ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከእንቁላል፣ ከዓሣና ከሥጋ ነው የሚሠራው፤ በየምግቡ አንዱ ይኑር። ሁሉም በደንብ የበሰለ ይሁን፤ ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ሐኪም እስኪፈቅድ አይቀመስም። ጾም ላይ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። የቀን እንቅልፍ ከግማሽ ሰዓት አይብለጥ፣ ከሰዓት በኋላም ዘግይቶ አይሁን።

ደረጃ 8፦ ከንቅለ ተከላው 100ኛ ቀን በኋላ

የራሱን ሕዋስ የወሰደ ሰው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ቀን በፊት ከገደቦቹ ይላቀቃል፤ ከለጋሽ የወሰደ ይዘገያል። ግቡ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን 30 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን የጡንቻ ልምምድ ነው። ሲጠነክሩ በሳምንት ወደ 150 ደቂቃ ይድረሱ።

ስቴሮይድ የሚወስዱ ሰዎች ብሽሽታቸው ወይም ዳሌያቸው ሲራመዱ ካመማቸው «ይለቀኛል» ብለው አይግፉበት። የዳሌ አጥንት ደም አጥቶ ሊጎዳ ይችላልና ይታይ። ቆዳ ወይም መገጣጠሚያ የሚጠብቅባቸው በየቀኑ ቀስ ብለው ይለጥጡት። አዲስ የትንፋሽ ማጠር ወይም የማይለቅ ሳል ካለ ልምምዱን ከመቀጠል በፊት ሳንባ ይመርመር።

ወዲያው የሚደወልባቸው ምልክቶች

ድንገት የመጣ መደናገር፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥ፣ በአንድ በኩል መዛል፣ የደረት ሕመም፣ ራስ መሳት፣ ፕሌትሌት ዝቅ ባለበት ጊዜ ጭንቅላትን የመታ ውድቀት። የሰውነትን መከላከያ የሚያረግቡት መድኃኒቶች ታክሮሊመስና ሳይክሎስፖሪን አንጎልን ሊያውኩ ይችላሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንጎልን የሚያጠቃ ቫይረስም አለ። በቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ መርሳት ከቀስ በቀሱ ድንዛዜ የተለየ ነው፤ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው።

ማስታወሱ ካልተመለሰ

ወራት አልፈው አሁንም ቃል የሚጠፋብዎት ከሆነ «ከዕድሜ ነው» ተብለው እንዳይሸኙ። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ መቀነስ፣ የቢ12 ወይም የማግኒዥየም ማነስ፣ የእንቅልፍ ችግር፣ የልብ ሐዘንና ድባቴ፣ የሚያደነዝዝ መድኃኒት፤ እነዚህ ሁሉ የሚታከሙ ወይም የሚስተካከሉ ናቸውና አንድ በአንድ እንዲታዩ በስማቸው ይጠይቁ። ዓመት ካለፈም ካልለቀቀ የማስታወስና የትኩረት ችሎታን በዝርዝር ወደሚፈትን ባለሙያ እንዲልኩዎት ይጠይቁ፤ ፈተናው በደንብ በሚያስቡበት ቋንቋ እንዲሆን፣ ካልሆነም አስተርጓሚ እንዲመደብ አስቀድመው ይንገሯቸው። ሲሄዱ ደብተሩን ይያዙ፦ የወንበሩን ቁጥር፣ የ6 ደቂቃውን፣ የእንስሳቱን፣ ከነቀናቸው። እናቴ የያዘችው ደብተር የመጀመሪያ ገጹ ላይ ያ ዜሮ አሁንም አለ፤ ሐኪሟ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፣ ከዚያ ወደ ኋለኞቹ ገጾች ያልፋል።